የስድስተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ እኛ ወላጆች የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ላይ ዝናቡ ጠንከር ሲል የፈተናው ወሬም አብሮ ይጠነክራል። ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ቅመም ስገዛ እንኳ የማገኛት እናት ሁሉ የምትጠይቀኝ «የአንቺዋስ ተዘጋጀች?» ነው። አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛው ደግሞ 7ኛና 8ኛ ተብሎ ከተከፈለ ወዲህ ክልላዊው ፈተና በሁለቱም መጨረሻ ይሰጣል። ታላቋ ልጄ የስምንተኛን ሚኒስትሪ ስትፈተን የሠራኋቸውን ስህተቶች ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል በደረሰችው በታናሿ ላይ መድገም አልፈልግም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተት ካርዱ ላይ ያለውን ደረጃ ብቻ አይቶ መደሰት ነው። «ከ60 ተማሪ 4ኛ» የሚለው ልጅቷ ከጓደኞቿ አንጻር የት እንዳለች ይናገራል እንጂ ምን እንደምታውቅ አይናገርም። በክፍል ውስጥ የሚያዘው ውጤት ለቤት ሥራ፣ ለቡድን ሥራ፣ ለደብተር አያያዝም ጭምር የሚሰጥ ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ልጅን ያበረታታል። ግን ክፍል ውስጥ 90 ያመጣ ልጅ ሌላ ሰው ያወጣው ፈተና ፊት ሲቀመጥ ሊደናገጥ ይችላል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ ሁላችንም ደነገጥን። እነዚያ ልጆች ግን 12 ዓመት ሙሉ ካርድ ይዘው ቤት ሲገቡ «ጎበዝ» ሲባሉ የኖሩ ናቸው። ክፍተቱ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ስለዚህ አሁን ካርድ ስቀበል መምህሯን የምጠይቀው «ስንተኛ ወጣች?» ብዬ ሳይሆን «ምኑ ላይ ነው የምትቸገረው?» ብዬ ነው።

ሁለተኛው፣ በእኔ ቤት ከሁሉም የከበደው፣ የቋንቋው ጉዳይ ነው። ቤታችን ውስጥ የምናወራው በአማርኛ ነው፤ ልጄ የምትማረውም የምትፈተነውም በአፋን ኦሮሞ። እኔ የቤት ሥራ ላግዛት ስቀመጥ ሁሉንም ወደ አማርኛ እመልስላት ነበር። የረዳኋት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያንን ጥያቄ ራሷ አንብባ የመረዳት ዕድሏን እየወሰድኩባት ነበር።

አንድ ማታ የሒሳብ ጥያቄ ይዛ ቀረች። አንድ ገበሬ መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል የሚል ነው። በአማርኛ ስነግራት ወዲያው አካፈለችው። «ታዲያ ምኑ ነው ያቃተሽ?» አልኳት። ጣቷን አንዲት ቃል ላይ አሳረፈች። በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ማለት ነው፣ አናባቢዋ ነጠላ ሆና ስትጻፍ (lafa) መሬት ማለት ነው፤ ተደርባ ስትጻፍ (laafaa) ግን ለስላሳ ማለት ይሆናል። ልጄ ለስላሳ ብላ አንብባው ገበሬው ምን እንደሚያካፍል ግራ ገብቷታል። ፈተና ላይ ቢሆን ማካፈል አትችልም ተብሎ ይታረምባት ነበር።

ከዚያ ወዲህ መተርጎሙን ተውኩ። አፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱበት ጎረቤታችን እማማ አሉ፤ ማታ ማታ ቡና ሲፈላ ልጄ መጽሐፏን ይዛ እሳቸው ዘንድ ትሄድና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላቸዋለች። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ቃሉ ተበላሽቶ ሲነበብ ግን ወዲያው ይሰማቸዋል፤ «እንዲህ አይባልም ልጄ» ይሏታል። ሩብ ሰዓት ይበቃል። በግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ያሏችሁም ነገሩ ያው ነው፤ ልጁ የሚፈተንበትን ቋንቋ በአፉ ሳይለማመድ ወርክሺት መደርደር አያዋጣም።

ሦስተኛው ስህተት የድሮ ፈተና መሸምደድ ነው። የድሮ ፈተና መሥራት በራሱ መጥፎ አይደለም። የጥያቄውን ቅርፅ ያስለምዳል፤ ጊዜ መመደብም ያስተምራል። ታላቋ ልጄ ግን የ5 ዓመት ጥያቄዎችን ደጋግማ ሠርታ፣ እኔም ሁሉንም ስታገኝ በደስታ ተሞልቼ ነበር። አንድ ቀን አማራጮቹን በመዳፌ ሸፍኜ «መልሱ ምንድን ነው?» አልኳት። «ሐ ነው» አለችኝ። ጥያቄውን አላነበበችውም፤ ቦታውን ነው የምታውቀው። አሁን ከታናሿ ጋር ስንሠራ አማራጩን ሸፍነን መጀመሪያ በራሷ ቃል እንድትመልስ፣ ከዚያ እንድትመርጥ፣ በመጨረሻም ሌሎቹ ለምን ስህተት እንደሆኑ እንድትነግረኝ አደርጋለሁ። በአንድ ማታ ከ10 ጥያቄ በላይ አንሄድም።

ስም ምዝገባ ላይ ቸልተኛ መሆንም አለ። ልጁ ለፈተና ሲመዘገብ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም አጻጻፍ እንዲሁም ዕድሜው በትክክል መስፈሩን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ማስተካከያው ብዙ ምልልስ አለው።

ሌላው የፈተናውን ዓይነት አለመለየት ነው። በ4ኛና በ8ኛ ክፍል በናሙና ተመርጠው ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ፣ ከ1992 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የሚካሄድ አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና አለ። ያ የሚመዝነው ትምህርቱን ነው፤ ልጁን አያሳልፍም፣ አይጥልም። «ለውጤት ካልተያዘ ምን ያደርጋል» ብሎ ያን ቀን ልጅን ቤት ማስቀረት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሕይወቷ እንደተንጠለጠለበት አድርጎ ማስጨነቅ፣ ሁለቱም ስህተት ነው።

ስለ ኩረጃ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ያመኛል። «አጠገቡ ጎበዝ ልጅ ይቀመጥለት» ብሎ የሚለምን ወላጅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ነበር። የ12 ዓመት ልጅ እናቱ በእሱ እንደማታምን በዚያች ደቂቃ ተማረ።

በመጨረሻም የውጤት ቀን የመጀመሪያው ቃላችን። ታላቋ ውጤቷን ስትነግረኝ ከአፌ የወጣው የጎረቤት ልጅ ስንት አመጣች የሚል ጥያቄ ነበር። ፊቷን አልረሳውም። ከዚያ ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ የፈተና ወረቀት አላሳየችኝም።

ባለፈው ሳምንት ታናሿ የሞዴል ፈተና የሒሳብ ወረቀቷን ይዛ መጣች፤ ከ40 ጥያቄ 14 ስታለች። ሻይ አፍልቼ አብረን ተቀመጥንና አንድ በአንድ ለየናቸው። 5ቱን ጭራሽ አልተማረችም ወይም አልገባትም፤ ክፍልፋይ ላይ ናቸው። 3ቱን ስትቸኩል ነው የሳተችው። የቀሩትን 6ቱን ግን ጥያቄው ራሱ ምን እንደሚል አልገባትም ነበር። ለክፍልፋዩ መምህሯን ሰኞ አነጋግራለሁ። ለስድስቱ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና እማማ ቤት ሄደች።