የላስ ቬጋሱ አቧራ ከየት ይመጣ ነበር?

ጠረጴዛውን ጠዋት ወልውዬ ማታ በጣቴ ስነካው አሻራዬ ይቀራል። በረሃ ነው፤ ኤሲው (አየር ማቀዝቀዣው) በጋውን ሙሉ አያርፍም። የሙሉ ቤቱን የኤሲ አየር ቱቦዎች በ99 ዶላር እናጸዳለን ያሉትን ጠራሁ። የአየር መውጫዎቹን አፍ በተራ የቤት ቫኪዩም ጠራርገው በ40 ደቂቃ ሄዱ። በሳምንቱ አቧራው ተመለሰ።

ሁለተኛዎቹን ከመቅጠሬ በፊት ጠየቅኩ፦ ትልቁን መምጠጫ ከዋናው ቱቦ ጋር ታገናኛላችሁ? በፊትና በኋላ ፎቶ ታሳዩኛላችሁ? አዎ አሉ፤ አደረጉም።

ዋናው ጉድ ግን ከኮርኒሱ በላይ ተገኘ። አየር ወደ ማሽኑ የሚመልሰው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። የኮርኒሱን አቧራ እየሳበ ቤት ውስጥ ይረጨዋል ማለት ነው! ማስቲክ በሚባል የቱቦ መድፈኛ ደፈኑት። ተራ ቴፕ በዚያ ሙቀት ይላቀቃል፤ እንዳትቀበሉ። የኤሲውን አየር ማጣሪያ (ፊልትር) በልኩ ቀየርኩ፤ በየወሩ አየዋለሁ። አሁን ጠረጴዛው ሳምንት ሙሉ ንጹህ ነው።