ቀበሮ ወይም ጅብ ሲነክስ ምን ይደረጋል?

ጠራራ ፀሐይ ላይ መንደር የገባ ቀበሮ ወይም ሰው እያየ የማይሸሽ ጅብ ካጋጠመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በአገራችን ሰው ላይ በብዛት የሚያጋባው ውሻ ቢሆንም ቫይረሱ ጡት አጥቢ እንስሳን ሁሉ ይይዛል፤ ከጫካ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮም ወደ ጫካ ይመላለሳል። የባሌን ቀይ ቀበሮዎች ደጋግሞ የፈጀውም ከውሾች የተጋባ ነው።

1. ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡ። ሰዓት ይያዙ፤ በግምት ከሆነ ሁለት ደቂቃም አሥራ አምስት ይመስላል። ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው በጀሪካን ያንቆርቁርልዎ። የልብስ ሳሙናም ይሆናል፦ ቫይረሱ በቅባት የተሸፈነ ስለሆነ ሳሙና ሽፋኑን ያፈርሰዋል። ጥርስ የበሳው ቦታ አፉ ትንሽ፣ ውስጡ ጥልቅ ስለሆነ ከንፈሩን ከፈት አድርገው ውሃ ያስገቡበት። ከዚያ አዮዲን ይቀቡ። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ቅጠል አይነስንሱበት፤ አጥብቀውም አይሰሩት። ባለሙያም ቢሆን ካልተቸገረ ወዲያው አይሰፋውም።

2. በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። «እንስሳውን 10 ቀን አስረህ ተመልከት» የሚባለው ለውሻና ለድመት ብቻ ነው፤ ለዱር እንስሳ አይሠራም። ጠበል የሚሄድም ሰው ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ።

3. ክትባቱን ይጨርሱ። በጡንቻ ሲሰጥ የመጀመሪያው ቀን 0 ተብሎ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይደገማል፤ 28ኛውን ቀን የሚጨምሩም አሉ። የሚወጋው ክንድ ላይ፣ ሕፃን ከሆነ ጭን ላይ ነው፤ መቀመጫ ላይ አይደለም፣ እዚያ ያለው ስብ ክትባቱን ያዳክመዋል። ቆዳ ከተበሳና ሰውየው ከዚህ በፊት ካልተከተበ ኢሚውኖግሎቡሊን (ቫይረሱን የሚዋጋ ተዘጋጅቶ የመጣ ፀረ እንግዳ አካል) ይጨመራል፤ ከሰው ደም የተዘጋጀው በኪሎ 20 ዩኒት ስለሆነ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1200 ዩኒት ማለት ነው። የሚወጋው ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ነው። በመጀመሪያው ቀን ካልተገኘ እስከ 7ኛው ቀን ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ አይሰጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ቁስሉ ሲጠግግ ሦስተኛውን መርፌ ይተዋል። ቫይረሱ ግን በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ቀስ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል። ሰውየው ውሃ መፍራት፣ ማለትም የበሽታውን ምልክት ማሳየት፣ ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

4. ውሻዎ ከቀበሮው ጋር ከተናከሰ በባዶ እጅ አይዳስሱት፤ የቀበሮው ለሃጭ አለበት። ጓንት ከሌለ እጅዎን በፌስታል ይሸፍኑ። የተከተበ ከሆነ ወዲያው ክትባቱ ተደግሞለት 45 ቀን ታስሮ ይጠበቃል። ካልተከተበ ነገሩ ከባድ ነው፦ ለወራት ለብቻው መለየት ወይም ማስወገድ፤ ውሳኔውን ከእንስሳት ሐኪም ጋር ይወስኑ። ቡችላ በ3 ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ቢከተብ እዚህ አይደረስም።

5. ቀበሮው ከተገደለ አይግፈፉት፤ ልጆችንና ውሾችን አርቀው የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ። ጭንቅላቱን በድንጋይም በዱላም አይፍለጡት፤ ለምርመራ የሚፈለገው አንጎሉ ነው።