ሐዋሳ ላይ ወፍ ለማየት ቦታ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ የወፍ ከተማ ናት። ሐይቁ አለ፣ የጥቁር ውሃ ረግረግ አለ፣ የታቦር ተራራ አለ፤ ወጣ ካሉ ደግሞ የወንዶ ገነት ደን አለ። እንዲያም ሆኖ ብዙ እንግዳ ሁለት ሦስት ዓይነት ወፍ ብቻ አይቶ ይመለሳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ የጎደለው ወፍ ሳይሆን የቦታ ምርጫ ነውና።

ትልቁ ስህተት ወፍ የበዛበትን ሁሉ ጥሩ ቦታ ማለት ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳዎች ሰው መሀል ይንጎራደዳሉ። የሚስባቸው ዓሣ ሲጸዳ የሚጣለው የሆድ ዕቃ ነው። ልጆች ይዘው ቢሄዱ በጣም ደስ ይላል፤ ግን ግማሽ ቀን ቢቆሙም የሚያዩት ያንኑ ነው። ከገበያው ራቅ ብለው ፊላና ቄጠማ የበቀለበት፣ ጫጫታ የሌለበት ዳርቻ ይፈልጉና ዝም ብለው ይቀመጡ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ቀጥ ይላል፤ ምንቃሩን ወደ ታች ደፍቶ ያነጣጥራል፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ዓሣ ይዞ ከወጣ እንጨት ላይ አርፎ ግራና ቀኝ ይፈጠፍጠውና በራሱ በኩል ይውጠዋል። ይህን በቅርብ ያየ ሰው ወደ ገበያው ለመመለስ አይቸኩልም።

ሌላው ፀሐይን መርሳት ነው። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ሲቆሙ ፀሐይ ከጀርባዎ ናት፤ የላባው ቀለም ጥርት ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊት ትመጣለች፤ ውሃው ያንጸባርቃል፣ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ስለዚህ ሐይቁን ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ይጨርሱት። ነገር ግን ጨለማው ሳይገፈፍ ፊላው ውስጥ አይግቡ። ጉማሬዎች ሌሊት ሣር ሲግጡ አድረው ወደ ውሃ የሚመለሱት በዚያ ሰዓት ነው፤ በእነሱና በውሃው መካከል መቆም ሕይወት ያስከፍላል።

ውሃ ዳር ብቻ መዋልም ያስቆጫል። ወንዶ ገነት ሲሄዱ ደኑን ለማዳረስ አይሩጡ። ፍሬው የበሰለ ሾላ ወይም ዋርካ የት እንዳለ የአካባቢውን ሰው ይጠይቁና ከሥሩ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ግንባረ ቢጫ በቀቀን፣ እንዲሁም ሲበር ክንፉ ደማቅ ቀይ የሚሆነውን ቱራኮ የተባለ ወፍ የማየት ዕድልዎ እዚያ ይሰፋል።

ወቅቱንም ያስቡ፦ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች በብዛት ያሉት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው።

በመጨረሻ፣ ሐይቅ ሁሉ አንድ ነው ብለው አይገምቱ። ፍላሚንጎ ፈልገው ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሚደክሙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ፍላሚንጎ የሚወደው እንደ አብያታ ሐይቅ ያለ ጨዋማና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ ምግቡ እዚያ የሚበቅለው አልጌ ነው። የአብያታ ዳርቻ እየሸሸ ስለሄደ ያለፈ ዓመት የቆሙበት ቦታ ዘንድሮ ላያዋጣ ይችላል፤ ጭቃውም የረጋ መስሎ ያሰምጣል። የአብያታ ሻላ ፓርክን ጠባቂ ጠይቀው፣ እሱ የረገጠበትን እየረገጡ ይጠጉ። መንጋው አንገቱን ቀና አድርጎ በአንድነት ወደ ውስጥ መራመድ ከጀመረ ከልክ በላይ ቀርበዋል ማለት ነው፤ እዚያው ይቁሙና ባይኖኩላርዎን ያንሡ።