ክረምቱን ከልጆች ጋር፦ ጠዋት ግቢ፣ ከሰዓት ቤት

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እኔም የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ ከልጆቼ ጋር እኩል ቤት እገባለሁ። ሦስት ልጆች፣ አማቴ፣ ከባለቤቴ አባት የወረስነው ባለ ቆርቆሮ የጭቃ ቤት፣ ከላይ ደግሞ እስከ መስከረም የማይታመን ሰማይ። ብዙ ወላጆች ይህን ጊዜ በሰዓት ሸንሽነው መርሐ ግብር ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፦ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ንባብ፣ ከሦስት እስከ አራት ሒሳብ። ዓመቱን ሙሉ በደወል የምኖር ሰው ነኝና እኔ ይህን አልመክርም። የአዲስ አበባ ክረምት የራሱ ደወል አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋቱ ገለጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ይጠቁርና ይወርዳል። ስለዚህ የቤታችን ሕግ አንድ ነው፤ ጠዋት ግቢ፣ ከሰዓት ቤት።

ሥራ ስትሰጡም "እስቲ ይህን ያዝልኝ፣ ያንን አቀብለኝ" እያላችሁ አታታክቷቸው። ልጅ የሚሰለቸው ሥራ ስለበዛበት አይደለም፤ የማንም ባልሆነ ሥራ ውስጥ ሲቆም ነው። አንድ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ የራሱ ይሁን። እኛ ቤት ታላቋ 14 ዓመቷ ነው፤ ውሃ የሚነካው ነገር ሁሉ የእርሷ ነው፦ አሸንዳ፣ በርሜል፣ ቧንቧ። የ11 ዓመቱ ልጅ የመሣሪያ ሳጥኑ አዛዥ ነው፤ ካቻቢቴ የፈለገ ሰው እርሱን አስፈቅዶ ይወስዳል፣ እኔም ጭምር። ትንሿ ስድስት ዓመቷ ሲሆን የጓሮው ቀንድ አውጣ በሙሉ በእርሷ ሥልጣን ሥር ነው። ለቤት ሥራ ገንዘብ የሚከፍሉ ወላጆች አሉ። እኔ አልከፍልም፤ የሚያፈሰው ጣሪያ የእነርሱም ጣሪያ ነውና።

መጀመሪያ ጣሪያ። በደንቡ ዋናው ዝናብ ሳይገባ ማለቅ ያለበት ሥራ ነው፤ ሆኖም የፈተና ወረቀት እያረመ ጣሪያ የሚያይ መምህር የለም። ደግነቱ ሐምሌ መባቻ ላይ ደረቅ ጠዋት አይጠፋም። ፀሐይ ስትወጣ በርና መስኮት ዝጉና ኮርኒስ በሌለበት ክፍል ውስጥ ወደ ላይ አንጋጡ። በቆርቆሮው ላይ የሚታዩት የብርሃን ነጥቦች የነገ ፍሳሾች ናቸው፤ ለልጆች ኮከብ እንደ መቁጠር ነው። ኮርኒስ ካለ ግን የምትመሩት ኮርኒሱ ላይ በቀረው የውሃ ምልክት ነው፤ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚገባበት ቀዳዳ አንድ አይደሉም። ውሃ በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ዝቅ ብሎ ስለሚወርድ ቀዳዳውን ከፍሳሹ ወደ ጣሪያው አናት በኩል ፈልጉት።

ነጥቡ ሲገኝ ልጄ ከሁለት ግድግዳዎች ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ ደብተር ላይ ይጽፋል። ጣሪያ ላይ የወጣው ሰው በእነዚያ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ቀዳዳውን ያገኘዋል። (ክፍል ውስጥ ስለ ኤክስና ዋይ ስናገር ያዛጋ የነበረ ልጅ ነው።) ወደ ላይ የሚወጣው ትልቅ ሰው ብቻ ነው፣ ያውም ቆርቆሮው ሲደርቅ፤ ሌላ ሰው የመሰላሉን እግር ይይዛል። ስትረግጡ የሚስማሩን መስመር ተከተሉ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ጎማው የተሰነጠቀ ሚስማር ካለ በፒንሳ ነቅሎ ወፈር ባለ ባለ ጎማ የቆርቆሮ ሚስማር መተካት ነው። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ስርጉድ ላይ አይደለም። ትንንሽ ቀዳዳ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ተጠርጎና ደርቆ በሲሊኮን ይደፈናል። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ የተቀባ ሲሊኮን ሳምንት ሳይቆይ ይላቀቃል።

አሸንዳው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የርግብ ላባና የጠፋ ኳስ ይጠብቃችኋል። ጠርጋችሁ ስትጨርሱ ከከፍተኛው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉ፤ ትንሿ ልጅ በወዲያኛው ጫፍ ቆማ "መጣ!" ብላ ትጮሃለች። ካልጮኸች ወይ ተደፍኗል ወይ አሸንዳው መሐሉ ላይ ጎብጧል። በርሜል የምትደቅኑ ከሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ያልፍ ዘንድ ተዉት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ይሆናል። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ክዳን የሌለው በርሜል አይቀመጥም፤ ክዳኑም ልጅ የማያነሳው ከባድ ይሁን።

ከዚህ ቀጥሎ የምወደው ሥራ ይመጣል፤ የዝናብ መለኪያ። ጎኑ ለስላሳና ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ ፈልጉ፤ ሸንተረር ሸንተረር ያለው አይሆንም። ከላይ ሲሶውን ቆርጣችሁ ያለ ክዳኑ ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ መልሳችሁ ክተቱት። የታችኛው መቀመጫው ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር አድርጋችሁ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ሙሉና እዚያ ላይ ዜሮ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዜሮው ወደ ላይ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር እየለካችሁ አስምሩ። ከዛፍም ከጣሪያም ራቅ ያለ ቦታ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ አስደግፋችሁ አኑሩት። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ላይ ይነበባል፣ ይጻፋል፣ እስከ ዜሮው ድረስ ይደፋል።

ቁምነገሩ ከንባቡ በኋላ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጣሪያችሁ 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና ማታውን 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር ወርዷል፤ ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉ። ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን የአዲስ አበባን የዓመት ዝናብ ግማሽ ገደማ ስለሚያመጡ ደብተሩ ባዶ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ታላቋ ልጄ ይህን ካሰላች በኋላ "እማዬ፣ ታዲያ ውሃ ስትጠፋ ለምን ጄሪካን ይዘን እንንከራተታለን?" አለችኝ። መልስ ስላልነበረኝ ሁለተኛ በርሜል ገዛን።

የሚንጠባጠብ ቧንቧም እንዲሁ ይሰላል። አንድ ሩብ ሊትር ብርጭቆ ከሥሩ አስቀምጡና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ያዙ። በአንድ ሰዓት ከሞላ በቀን 6 ሊትር፣ በወር 180 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በከንቱ ይፈሳል። ልጅ ይህን ቁጥር በራሱ እጅ ካወጣው በኋላ ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ የቧንቧውን ጎማ ለመቀየር ማንም አይለምነውም። ኤሌክትሪክ ግን ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው። ለባለሙያ ይተው፤ ነጎድጓድ ሲጀምርም ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ይነቀል።

ጓሮው የሰነፍ ማሳ አይደለም፤ የእኛ አፈር ጥቁር ዋልካ ስለሆነ ዝናብ ሲጠግብ ይተኛል። መፍትሔው መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግና ዙሪያውን ቦይ ማውጣት ነው። የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት በክረምት ይስማማቸዋል። የካሮት ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ዝሩ፤ አለበለዚያ ልጆች እፍኙን አንድ ቦታ ይደፉታል። ካሮት ለመብቀል ሳምንትና ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ ትዕግሥት የሌለውን ልጅ ሰላጣ ላይ መድቡት። ቲማቲም በክረምት ሜዳ ላይ አትትከሉ፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ይበሰብስና ልጁ ያዝናል። ቀንድ አውጣ ማለዳ ቅጠል ሥር ይገኛል፤ ትንሿ በጣሳ ትለቅማለች፣ የሚያስፈራት ዘመድ ሲመጣም ጣሳውን ታሳያለች።

ችግኝ የምትተክሉ ከሆነ፣ በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ከተባለ ወዲህ ይህ የክረምት ልማድ ሆኗልና፣ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ችግኙ የመጣበት ጥቁር ላስቲክ ሳይቀደድ አይቀበርም፤ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ሁለተኛው፣ የልጁ ኃላፊነት መስከረም ላይ አያበቃም። ዛፉን የሚፈትነው በጋው ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር ሳጥኑ ሳሎን ይገባል። የላላ ወንበር፣ የተፈታ የቁም ሣጥን ማጠፊያ፣ እጀታው የወለቀ ድስት፤ ዓመቱን ሙሉ "ነገ" ስንላቸው የነበሩት ሁሉ ተራ ይይዛሉ። ስለ በር አንድ ምክር አለኝ። በክረምት እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ በር አልዘጋ ይላል፤ የቤቱ አባወራም መላጊያ ይፈልጋል። አትፍቀዱለት። አሁን የተላገ በር ኅዳር ላይ ሲደርቅ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይኖረዋል። የሚፋተገውን ጠርዝ በሻማ እሹትና በጋውን ጠብቁ። የጭቃ ግድግዳ ልሰናና የውጭ ቀለምም እንዲሁ ናቸው፤ ክረምት አያደርቃቸውም፣ ለጥቅምት ይቆዩ።

እጃቸው ሲደክም አማቴ እንዝርታቸውን ያወጣሉ። ልጆቹ እምዬ ነው የሚሏቸው። ጥጥ አባዝተው ፈትል ሲያሳዩ ሦስቱም ዙሪያቸውን ይቀመጣሉ፤ የልጄ ፈትል በየስንዝሩ ይበጠሳል፣ እርሳቸውም "ቀስ በል፣ ማን አባረረህ" ይሉታል። በዚህ ሰዓት ስልክ የጠየቀ ልጅ ኖሮ አያውቅም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ስልኩ የሚሰጠው መሣሪያው ሳጥን ውስጥ ተመልሶ ከገባ በኋላ ነው።

ብርድ ሲጠና ከሰል ይቀጣጠላል፣ በቆሎ ይጠበሳል። ማንደጃው ደጅ ላይ ፍም እስኪሆን ይቆይ፤ ቤት ከገባም መስኮት ይከፈት፣ መኝታ ክፍል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ጭስ የሌለው ፍምም ይገድላል፣ ሽታ እንኳን የለውም።

ነሐሴ አንድ ፍልሰታ ሲገባ መርሐ ግብሩ ይገለበጣል። ልጆቹ ከእኔ ጋር ቅዳሴ ስለሚውሉ የግቢው ሥራ ማለዳ ብቻ ይሆናል፤ ከባድ ነገር አልሰጣቸውም። ለቡሄ፣ ለነሐሴ 13፣ ጅራፉ ቀደም ብሎ ከቃጫ ይገመዳል፤ ጫፉ ቀጠን ካላለ አይጮህም፣ ሲጮህም ሰው ከሌለበት ሜዳ ላይ ይሁን። ሙልሙሉን ልጆቹ ራሳቸው ያድቦለቡላሉ፤ ቅርጹ ቢወላገድም "ሆያ ሆዬ" የሚሉት ልጆች አይመርጡም። "ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት" ይባላል፤ የእኔ ጣሪያ ይህን ተረት አልሰማም፣ በርሜሉንም አላነሳም።

ጳጉሜ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች የቀለም ሥራ አይጨናነቅባት፤ የውስጥ ግድግዳ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፀሐይ ባለበት ጠዋት ተቀብቶ ያልቃል። የሻገተ ግድግዳ ላይ ቀለም አትደርቡ፤ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ፈልጋችሁ፣ ፍቃችሁና አድርቃችሁ ብቻ። ብሩሽ በአኳራጅ ማጠብና ኖራ መበጥበጥ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል። ለልጆች የሚቀረው ሮለሩ ነው፣ እርሱም ይበቃቸዋል። ጳጉሜ 3፣ ለሩፋኤል፣ ዝናብ ከመጣ ሥራ የለም፤ ሁሉም ደጅ ወጥቶ ይጠመቃል።

የቀሩት ቀናት ለእንቁጣጣሽ ሥዕልና ለደብተር ናቸው። ሥዕሉን በብዙ ቅጂ አሠሯቸው፤ ጎረቤት ሁሉ ይጠብቃል። ደብተር ሲለበድ ወረቀቱ ከሽፋኑ በየጎኑ አራት ጣት ይትረፍ፣ ማዕዘኑ ይታጠፍ፣ ከላይ ላስቲክ ይደረብ። የስም ወረቀቱ ከላስቲኩ ሥር ይግባ፤ ከላይ ከተለጠፈ መስከረም ላይ በሚዘንበው የመጀመሪያ ዝናብ ቀለሙ ይፈስና የማን ደብተር እንደሆነ አይታወቅም።