ከጥንት መቃብር ጉብታ የተገኘ ስላግ እንዴት ይመረመራል?

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ ጨርጨር ተራሮች ላይ፣ ድንጋይ ተከምሮባቸው የተሠሩ ጥንታዊ መቃብሮች አሉ። የአካባቢው ሰው «ዳጋ ቱሊ» ይላቸዋል። ማን ሠራቸው ብላችሁ ብትጠይቁ ሐርላዎች፣ ድሮ እዚህ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች፣ ናቸው ትባላላችሁ። ግዙፍ ሰዎች ነበሩ የሚልም አይጠፋም። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተወሰኑትን ቆፍሮ ነበር። ዕድሜያቸው ከ8ኛው እስከ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ካለ ጉብታ ስላግ ቢወጣስ? ስላግ ማለት ማዕድን ሲቀልጥ ወይም ብረት ሲቀጠቀጥ የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ ነው፤ የብረት አር። ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ላብራቶሪ መሮጥ ያምረዋል። እኔ ግን ግማሹ መልስ መሬቱ ላይ ነው ያለው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ቦታው

ቁፋሮ የናንተ ሥራ አይደለም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ጎርፍ ወይም ማረሻ ያወጣው ነገር ካያችሁ ፎቶ አንሱ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አድርጉ። ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡና ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ንገሩ። ቀጥሎ ያለው ፈቃድ ካለው ቡድን ጋር ለሚሠራ ሰው ነው።

ዋናው ጥያቄ ስላጉ ጉብታው ውስጥ የት ነበር የሚለው ነው። ከአፅሙ ጎን ከተገኘ አንድ ሰው ሆነ ብሎ ያኖረው ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ሟቹ ቀጥቃጭ ነበር። በድንጋዩና በአፈሩ መሃል ተበታትኖ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ግንበኞቹ አፈሩን ከቅርብ ሲዝቁ የድሮ ብረት ማቅለጫ ፍርስራሽ አብሮ መጥቶ ይሆናል። ያኔ ስላጉ ከመቃብሩ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለ ሟቹም አንዳች አይነግረንም። ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ መጠርጠር ነው። ገበሬ ማሳውን ሲያጸዳ የለቀመውን ድንጋይ የሚጥለው እንዲህ ያለ ጉብታ ላይ ነው። በሦስቱም ቦታ የሚገኘው ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። የትኛውም ማሽን ይሄ ከላይ ነው፣ ይሄ ከታች ነው ብሎ አይለይላችሁም።

ስለዚህ ጥልቀቱንና የአፈሩን ንብርብር ጻፉ። ሁለት ካርድ አዘጋጁ፣ አንዱ ከረጢቱ ውስጥ፣ አንዱ ውጪ። በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይጠፋል። ስላጉ ውስጥ ከሰል ተጣብቆ ካያችሁ በእጅ አትንኩት፣ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት። በካርቦን 14 ዕድሜ የሚለካው እሱ ነው። የሚለካው ግን የእንጨቱ ዕድሜ እንጂ የማቅለጡ ቀን አይደለም። አሮጌ ግንድ ከሆነ የተከሰለው ቀኑ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ስላግ ነው ወይስ ሌላ ድንጋይ?

እኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል። ባዛልት አለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውም ጭምር። ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ አሳሳች አለ አቦ! ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደርሷል፤ በእንፋሎት ዘመን የተቃጠለ የድንጋይ ከሰል ቅሪት በሐዲድ ዳር ሊገኝ ይችላል። መስታወት መሳይና ቀለል ያለ ነው። ከጥንት ብረት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ዓይናችሁን ለማለማመድ ጥሩው መንገድ ዛሬም የሚሠራ ቀጥቃጭ ጋ መሄድ ነው። ሐረር አካባቢ የመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው ቢላና ማጭድ የሚያወጡ አሉ። ከምድጃው ሥር የሚረጋውን ዝቃጭ ለምኑ፤ አይከለክሏችሁም። ታቹ ጎበጥ ይላል፣ የምድጃው አፈር እንደተጣበቀበት ነው። ላዩ ጠፍጣፋ ወይም በመጠኑ ሰርጎድ ያለ ሲሆን የከሰል አሻራ አለበት። ይሄ የመቀጥቀጫ ስላግ ነው። የማቅለጫው ስላግ ግን ከእቶኑ በቀዳዳ ወጥቶ የፈሰሰ ከሆነ ላዩ እንደ ቀለጠ ሰም ተደራርቦ የረጋ ነው። ሲሰበር ውስጡ ድፍንና ግራጫ ነው፤ ሲያነሱት ይከብዳል።

ክብደቱን በቁጥር አረጋግጡ። መጀመሪያ ናሙናውን ደረቁን መዝኑት። ከዚያ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁ። አሁን በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ እንዳለ መዝኑት። ደረቁ 420 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 300 ግራም ቢሆን ልዩነቱ 120 ነው። 420ን ለ120 ስታካፍሉ 3.5 ይመጣል፤ ከእኩል መጠን ውሃ 3.5 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ድፍን ባዛልት 3 ግድም ነው፤ ከዚያ ከፍ ካለ ስላግነቱ ያይላል። ቀዳዳ የበዛበት ናሙና ግን ያሳስታል። ደግሞ መታጠብ ያለበት ከሰሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው።

ማግኔት ብቻውን አይበቃም፤ ባዛልትም ትንሽ ይሳባል። ማግኔት ይበልጥ የሚጠቅመው አፈሩ ላይ ነው። የድሮ ስፒከር ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ ደረቅ አፈር ላይ አዙሩት። ስስ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ከለቀመላችሁ የጋለ ብረት በመዶሻ ሲመታ የረገፈ ነው። እዚያ አካባቢ ቀጥቃጭ ነበረ ማለት ነው፤ አፈሩ ከሌላ ቦታ ካልመጣ።

አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ መዳብ ጠርጥሩ። ከድሬዳዋ 15 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ በሚገኘው ሐርላ መንደር፣ በአርኪዮሎጂስት ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ አግኝቷል። ብር፣ ነሐስና ዶቃ ይሠራበት ነበር። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የወጣ ስላግ ሁሉ የብረት ነው ማለት አይቻልም።

ቆርጦ ማየት

ላብራቶሪው ሲፈቀድ አንድ ቁራጭ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ እቶን ውስጥ እንኳን ስላጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከየንብርብሩ ብዙ ቁራጭ ምረጡ። እያንዳንዱን በአልማዝ መጋዝ ለሁለት ክፈሉ፣ ግማሹ ሳይነካ ይቀመጥ። ከሌላው ትንሽ ቁራጭ በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) ተቀብሮ እስኪያንጸባርቅ ይለሰልሳል። የቀረው ተፈጭቶ ለኤክስሬይ ምርመራ ይሄዳል።

ለስልሶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደስ ይላል። በተንጸባራቂ ብርሃን ሥር ረዣዥም ግራጫ ዘንጎች ይታያሉ፤ ፋያላይት ነው፣ ብረትና ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው) የተዋሃዱበት ማዕድን። በመሃላቸው ነጣ ያለ፣ ቅርንጫፍ ያወጣ ነገር ካለ ዉስታይት ነው፣ የብረት ኦክሳይድ። ጨለም ያለው መስታወት ነው። ቦግ ብሎ የሚያበራ ነጭ ነጥብ ካያችሁ ደግሞ ብረቱ ራሱ ነው፣ ከአቅላጮቹ እጅ ያመለጠ።

ፋያላይት የሚበዛው በምክንያት ነው። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ጥንታዊው እቶን አብዛኛውን ጊዜ 1200 ግድም ይሠራል። ስለዚህ ብረቱ አይፈስም፤ ስፖንጅ መሳይ ሆኖ ይቀራል። የሚፈሰው ቆሻሻው ነው። ፋያላይት ደግሞ 1205 ላይ ይቀልጣል።

ሁለት የኤክስሬይ መሣሪያዎች አሉ። ኤክስአርዲ የሚባለው የማዕድኑን ዓይነት ይነግራል። ኤክስአርኤፍ ንጥረ ነገሩን ብቻ ነው የሚቆጥረው። በእጅ የሚያዘውን ኤክስአርኤፍ ዝገት ላይ ደቅኖ ውጤት መጻፍ ጉልበት ማባከን ነው፤ የምትለኩት ዝገቱንና አፈሩን ነው። የንጥረ ነገሮቹ ድምር ከ100 በመቶ በላይ ከወጣ አትደንግጡ። ማሽኑ ብረቱን ሁሉ እንደ ዝገት ኦክሳይድ ቆጥሮት ይሆናል፤ ስላግ ውስጥ ያለው ግን ኦክስጅኑ ያነሰው ዓይነት ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

ዉስታይት ከበዛ ብዙ ብረት ከስላጉ ጋር ባክኗል። ማዕድኑ ሀብታም ስለነበር ወይም እቶኑ ውስጥ አየር ስለበዛ ሊሆን ይችላል። ታይታኒየም ከፍ ካለ የተጠቀሙበት ማዕድን ታይታኒየም ያለበት ነበር፤ ለምሳሌ ጥቁር አሸዋ። ይህን ለማረጋገጥ ግን በአካባቢው ያለውን የብረት ድንጋይና የእቶኑን ግድግዳ ጭቃ አብሮ መለካት ይፈልጋል። ጭቃው ራሱ ቀልጦ ስላጉ ውስጥ ስለሚገባ የሲሊካውንና የአሉሚናውን (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) መጠን ያዛባል።

ሪፖርቱ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ናሙናው ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ይጻፍ። ያልተነካው ግማሽና የለሰለሰው ቁራጭ ከነካርዳቸው ለቢሮው ይመለሱ።