የተሰበረ የመስኮት መስታወት እንዴት ይቀየራል? ከፑቲው እስከ ቀለሙ

ደሴ ላይ የብረት መስኮት ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ አብጦ ይገኛል። በጥፍር ጫን ሲሉት ይረግፋል፤ ከሥሩ ዝገት ነው። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ እያደገ በሄደ ቁጥር መስታወቱን ከጥጉ ይገፋዋል። ከዚያ አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ጧ ይላል። "ማነው ኳስ የወረወረው?" ተብሎ ሰፈሩ ይታመሳል።

እዚህ የምጽፈው ስለዚህ ዓይነቱ መስኮት ነው። ብረታ ብረት ቤቶች ኤልቲዜድ ከሚሉት፣ ማለትም በኤል፣ በቲና በዜድ ፊደል ቅርጽ ከወጣ ብረት የሚሠራው፣ መስታወቱ በፑቲ፣ ሊጥ በሚመስል ማጣበቂያ፣ የሚያዘው። የድሮ የእንጨት መስኮት ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል፤ የሚለይበትን ቦታ እነግራችኋለሁ። ተንሸራታች አልሙኒየም ግን ሌላ ሙያ ነው። እሱን ለሠራው ሰው ተዉለት።

መጀመሪያ ወቅቱ። ፑቲም፣ ፀረ ዝገትም፣ ቀለምም እርጥብ ብረት ላይ አይዙም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከዚያ ወዲያ በልጉ ሊመጣ ይችላል፤ ገበሬው ደስ ይለዋል፣ ቀለም ቀቢው ግን ይቸገራል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናትና በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብረቱ ጤዛ ያዝላል። ፀሐይ እስኪመታው ጠብቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ጀምሩ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ አዲስ ቀለም አትንኩ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ያልደረቀው ቀለም ወዙን ያጣና ይደበዝዛል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ችግራችሁ የተገላቢጦሽ ነው። ቀትር ላይ የጋለ ብረት ከቀባችሁ ቀለሙ ከላይ ብቻ ደርቆ ይሸበሸባል። እናንተ በማለዳ ወይም በጥላ በኩል ሥሩ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ መሮና መዶሻ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሜትር፣ ስፓቱላና የቀለም ብሩሽ። በሌላው ቆጥቡ፣ በስፓቱላው ላይ ግን አትሰስቱ። ጫፉ የተጎረደ ስፓቱላ ፑቲው ላይ ጭረት እየተወ ይሄዳል፤ ጭረቱ ደግሞ የውሃ መንገድ ነው። ርካሽ የቀለም ብሩሽም ፀጉሩን ቀለሙ ላይ ጥሎላችሁ ይሄዳል።

የተሰበረውን ማውጣት

ክንፉ፣ ማለትም የሚከፈተው የመስኮቱ ክፍል፣ ከማጠፊያው የሚነቀል ከሆነ ነቅላችሁ መሬት ላይ ሥሩ፤ ግማሹ ጣጣ ይቀራል። የማይነቀል ከሆነና ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ከታች ሰው እንዳያልፍ የሚጠብቅ አንድ ሰው አቁሙ። መስታወቱ ላይ ፕላስተር በመስቀለኛ ለጥፉ፣ ከሥር አሮጌ ማዳበሪያ አንጥፉ፣ ስባሪውን ከላይ ወደ ታች ምዘዙ። ከታች የጀመረ ሰው የላይኛው ስባሪ እጁ ላይ ይወርድበታል።

አሮጌው ፑቲ አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ ሆኗል። መሮውን አጋድማችሁ በትንሽ በትንሹ ንቀሉት። በእሳት ማለስለስ የሚወዱ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ሙቀቱ ጎን ያለውን ጤነኛ መስታወት ይሰነጥቃል። በመንገዳችሁ ትንንሽ የሽቦ መያዣዎች ታገኛላችሁ፤ ብረቱ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ገብተው መስታወቱን የያዙ ናቸው። አትጣሏቸው፣ ቆጥራችሁ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የድሮ ዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ በተለይ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ይጎዳል። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጉ። በውሃ እያራሳችሁ ፈግፍጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የረገፈውን ሰብስባችሁ አስወግዱ። ልጆቹ ያን ቀን አያታቸው ቤት ይዋሉ።

ከሁሉም ዝገቱ ላይ ጊዜ ስጡ። የሽቦ ብሩሹ ብልጭ ያለ ብረት እስኪያሳያችሁ ፈግፍጉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱ፣ ጥረጉ፣ ሲደርቅ በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀቡ። የተጋለጠ ብረት ደሴ አየር ላይ ካደረ ጠዋት ቢጫ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ብረቱ ተበልቶ ከተቦረቦረ ግን ለብየዳ ሰው ስጡት። ቀዳዳን በፑቲ መድፈን ዝገትን አልጋ አንጥፎ ማስተኛት ነው። እንጨት ከሆነ በፀረ ዝገቱ ፋንታ መስታወቱ የሚያርፍበትን እርከን የተልባ ዘይት ወይም የእንጨት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ) አጠጡት፤ ደረቅ እንጨት የፑቲውን ዘይት መጥጦ ያስፈረፍረዋል።

ልኬትና መስታወት ቤት

ወርዱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለኩ፤ ቁመቱንም እንዲሁ ሦስት ቦታ። ትንሹን ቁጥር ያዙ። ከዚያ ማዕዘን ለማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ፤ ካልተመሳሰሉ ፍሬሙ ጠሟልና በካርቶን ቅርጹን ቆርጣችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ። ከያዛችሁት ቁጥር ላይ ከወርዱም ከቁመቱም ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቀንሱ።

መስታወት ቤቱ ውስጥ ክርክር የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ቆራጩ "አብሽር፣ ልክክ ብሎ ይገባል" ይላችኋል። ልክክ ማለቱን እኛ አንፈልግም። ብረትም መስታወትም ሲሞቁ ይለጠጣሉ፤ ብረቱ ደግሞ ከመስታወቱ ትንሽ ይበልጣል፤ ፍሬሙም ክንፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይወዛወዛል። መስታወቱ ብረቱን በአንድ ነጥብ እንኳ ከነካ ስንጥቁ ከዚያች ነጥብ ይጀምራል። የቀነሳችሁት ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ሲቆረጥም ቆማችሁ እዩ።

ውፍረቱ ለተራ መስኮት 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። 3 ሚሊ ለትንንሽ ክፍልፋዮች ነው፤ ሰፊ ከሆነ ወይም ነፋስ የሚመታው ዳገት ላይ ከሆናችሁ 5 ውሰዱ። ክብደቱን ለመገመት ቀላል ሒሳብ አለ፦ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 4 ሚሊው በካሬ 10 ኪሎ ነው። ባጃጅ ላይ ስትጭኑት በጠርዙ አቁሙት፣ በብርድ ልብስ ደግፉት። ተጋድሞ የተጫነ መስታወት የደሴን ኮረኮንች አይችልም። ቤት ውስጥ ራሴ እቆርጣለሁ የሚል ካለ ደግሞ እንደፍላጎቱ፤ ለአንድ መስኮት መቁረጫ መግዛት ግን ትርፉ ድካም ነው።

ፑቲው፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው

ሰው ሁሉ ፑቲ ሲባል ከውጭ በኩል የሚታየውን ሰያፍ ጠርዝ ያስባል። ውሃውን የሚያስቆመው ግን የማይታየው ነው፤ በመስታወቱና በብረቱ መካከል፣ ከኋላ የሚገባው ንጣፍ። የቸኮለ ሠራተኛ ይህን ይዘለዋል። መስታወቱን ብረቱ ላይ ያስደግፍና ከፊት ብቻ ይለጥፋል። ሲያስረክብ ያምራል። ሐምሌ ሲገባ ውሃው በቀጭኑ ክፍተት ይሰርግና ታች ይጠራቀማል፤ መውጫ የለውም፤ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል።

ስትገዙ "ለብረት የሚሆን" በሉ። ተራው ፑቲ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና የተልባ ዘይት ነው፤ የሚጠነክረው ከፊሉ እንጨቱ ዘይቱን ስለሚመጥለት ነው። ብረት አይመጥም፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የግድግዳ ስቱኮ ደግሞ ጭራሽ አይሁን። በበጋ ይይዛል፣ ዝናብ ሲያገኘው ይፈርሳል። ሲሊኮን ለሚሉም መልስ አለኝ። ፈጣን ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ቀለም ሲሊኮን ላይ አይዝም፤ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ብረት ያዝጋል፤ መስታወቱ ዳግም ሲሰበር ደግሞ ልጣጩን ስትጎትቱ ትውላላችሁ።

ፑቲውን በእጃችሁ እሹት። እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ዘይቱ በዝቷል፤ ጋዜጣ ላይ አንከባሉት፣ ወረቀቱ ይመጥጠዋል። የሚፈረፈር ከሆነ ጠብታ የተልባ ዘይት ጨምሩ። ሲሰነጠቅ ሳይሆን ሲታጠፍ ደርሷል።

ከዚያ እንደ ትንሽ ጣት ውፍረት አድርጋችሁ ድቡልቡል አውጡና እርከኑን ዙሪያውን በአውራ ጣት እየተጫናችሁ አንጥፉ። መቋረጥ የለበትም፤ ጥግ ላይ በተለይ ሞላ አድርጉ። ታች በኩል፣ ከግራና ከቀኝ ጥግ የወርዱን አንድ አራተኛ ያህል ገባ ብላችሁ፣ ሁለት ቁራጭ ጎማ አስቀምጡ። ውፍረታቸው 2 ሚሊ ያህል ይሁን። መስታወቱ በእነሱ ላይ ይቆማል እንጂ ብረት ላይ አይቀመጥም።

አሁን መስታወቱን በታችኛው ጠርዙ ጎማዎቹ ላይ አሳርፉ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አቁሙት፣ ወደ ፑቲው ግፉት። የምትገፉት በመዳፍ፣ ከጠርዙ አጠገብ አጠገብ፣ ዙሪያውን እየዞራችሁ ነው። መሃሉን አትንኩ፤ መሃሉን የገፋ ሰው መስታወቱን ሁለት ያደርገዋል። ፑቲው ወደ ውስጥ በኩል ተጨምቆ መውጣት ይጀምራል። በመስታወቱና በብረቱ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ሲቀር አቁሙ። ጨርሳችሁ አትጨፍልቁት።

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። በመስታወቱ ውስጥ አሻግራችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ፑቲው በደንብ የተጣበቀበት ቦታ ጠቆር ብሎ፣ እርጥብ መስሎ ይታያል። አየር የቀረበት ቦታ ገርጣ ብሎ ይለያል። ገርጣ ያለች ነጥብ ካያችሁ እዚያው ላይ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። እምቢ ካለች መስታወቱን አውጡና ፑቲ ጨምሩ። ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ግን ያቺ ነጥብ ነገ የውሃ በር ናት።

ሽቦዎቹን ወደ ቀዳዳዎቻቸው መልሱ። እንጨት ከሆነ ራስ የሌለው ትንሽ ምስማር በየ20 ሳንቲ ሜትሩ፣ መዶሻውን መስታወቱ ላይ እያንሸራተታችሁ ምቱ፤ ብድግ አድርጎ መምታት አይሆንም።

ቀጥሎ የፊቱ ነው። ሌላ ድቡልቡል ዙሪያውን ተጫኑና በስፓቱላው 45 ዲግሪ ያህል ሰያፍ አድርጋችሁ ሳቡት። ከጥግ ጀምሩ፣ እስከ ጥግ በአንድ ትንፋሽ ሳቡ። መሃል ላይ የቆመ እጅ ምልክት ይተዋል። ስፓቱላው ከያዘባችሁ ጫፉን የተልባ ዘይት አስነኩት። የሰያፉ የላይኛው ጫፍ ከውስጥ ሲታይ ከብረቱ መስመር በልጦ አይውጣ፤ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ቢል ይሻላል፤ የቀለሙ ቦታ ነውና። በውስጥ በኩል የተረፈውን ከመስታወቱ ወደ ብረቱ ዘንበል አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ውሃ እንዳይቆምበት።

ቀለሙ

ከመቀባታችሁ በፊት የፑቲው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ጊዜ አክብሩ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው፤ ደሴ ላይ ወደ ሁለቱ አድሉ። በጣት ሲነኩት ቆዳ ካበጀ ደርሷል። እስከዚያ መስኮቱን ጓ አታድርጉት።

ዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ በመካከሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርጉት። ቲነር ብዙ አትጨምሩ። ቀለሙ እንዲበረክት ብሎ የሚያቀጥን ሠራተኛ የሚያተርፈው ለራሱ ነው።

ብዙዎች የሚያበላሹት አንድ ነገር አለ። ቀለሙ ከፑቲው አልፎ መስታወቱ ላይ 2 ሚሊ ያህል መውጣት አለበት። የፑቲውንና የመስታወቱን መገናኛ የሚዘጋው ያ ቀጭን መስመር ነው። ንጹሕ እንዲመስል ብለው በምላጭ እስከ ፑቲው ድረስ የሚልጡ አሉ፤ የዘጉትን በር እየከፈቱ ነው። ምላጭ ለተረጨው ጠብታ ብቻ ተጠቀሙ።

ቅደም ተከተሉ ከመስታወቱ አጠገብ ጀምሮ ወደ ዳር ነው፤ ዋናው ፍሬም መጨረሻ ላይ። ጠዋት ከጀመራችሁ ማታ ለመዝጋት ይደርሳል። ማጠፊያውን አትቀቡት። ቀለሙ በደንብ ሲደርቅ የሚገጥሙትን ጠርዞች ሻማ አሹባቸው፣ ክንፉ እንዳይጣበቅ።

ስባሪውን በካርቶን ጠቅልላችሁ እሰሩና "መስታወት" ብላችሁ ጻፉበት፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች በእጃቸው ነው የሚያነሱት። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ደግሞ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ፣ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። የተረፈው ፑቲ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አየር ሳያገኘው ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ።