ወስዋስን ሲታገሉ የሚሠሩ ስህተቶች

ወስዋስ ከሸይጧን ወይም ከነፍስ ወደ ልብ የሚመጣ ጉትጎታ ነው። ሲታገሉት «ሸይጧን አሠራኝ» ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ የሌሎቹም እናት እሱ ነው። በሱረቱ ኢብራሂም 22ኛ አንቀጽ ሸይጧን ራሱ በትንሣኤ ቀን ተከታዮቹን ይክዳቸዋል፦ በእናንተ ላይ ሥልጣን አልነበረኝም፣ ጠራኋችሁ፣ እሺ አላችሁኝ፣ እኔን ሳይሆን ራሳችሁን ውቀሱ ይላል። መሣሪያው ጥሪ ነው እንጂ እጅ ይዞ አይጎትትም። በሱረቱ አን-ናስ «ኸናስ» የተባለውም ብቅ ብሎ የሚጎተጉት፣ አላህ ሲወሳ ደግሞ እልም የሚል በመሆኑ ነው።

ነፍስን፣ ማለትም የራስን ውስጣዊ ፍላጎት፣ መርሳትም ከዚሁ ይመጣል። በረመዷን ሸይጧኖች እንደሚታሰሩ በሐዲስ ተነግሯል፤ በረመዷንም ግን ሰው ይዋሻል፣ ሰው ያማል። ዑለሞች (የሃይማኖት ሊቃውንት) የሚሰጡት መለያ ይጠቅማል፦ ጉትጎታው አንዲት ፍላጎት ላይ ሙጭጭ ካለ ከነፍስ ነው፤ አንዱን ወንጀል እምቢ ሲሉት ወደ ሌላው የሚዘል ከሆነ ከሸይጧን ነው። ለሸይጧን ዋናው ማመፁ ነው፤ በየትኛው ወንጀል ይሁን ግድ የለውም።

ኢብሊስን «የወደቀ መልአክ» የሚሉም አሉ። ሱረቱል ከህፍ 50 «ከጂን ነበር» ይላል። አደምን ያሳተችው ሐዋ ናት የሚለውም ከቁርኣን አልመጣም፤ በሱረቱል አዕራፍ 20 ጉትጎታው ለሁለቱም ነው።

አሁን ትዕግሥት ወደሚያስጨርሰው። ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን ትጥበት) እየደጋገሙ፣ ሶላት እያቋረጡ «ጥንቃቄ ነው» ይላሉ። ጥንቃቄ አይደለም፤ ለጎትጓቹ መታዘዝ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውኃ ነበር፤ ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፎች ተጋጥመው የሚይዙት ልክ ነው። አንድ አካል ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ አራተኛው ሱና (የነቢዩ መንገድ) አይደለም። ታዲያ ቧንቧ ከፍቶ ክርኑን ሰባት ጊዜ የሚያሽ ሰው ማንን እየተከተለ ነው?

ሶላት ውስጥ «ውዱኤ ተበላሸ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ቢመጣ ድምፅ ካልተሰማ ወይም ሽታ ካልተገኘ አይወጣም። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው፤ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ ትምህርት) ላይም «እርግጠኛው በጥርጣሬ አይሻርም» የሚለው መርህ በዚህ ይደገፋል። ሦስት ይሁን አራት ረከዓ (የሶላት ዙር) የጠፋው ሰው ሦስቱን ይይዛል፣ አንድ ይጨምራል፣ ከማሰላመቱ (ሶላቱን በሰላምታ ከመዝጋቱ) በፊት ሁለት የመርሳት ሱጁድ (ስግደት) ያደርጋል። ሶላቱን ከራሱ አይጀምርም። ኒያም (ለሥራው ማሰብ) ቦታው ልብ ነው፤ ለዙህር (ለቀትር ሶላት) የቆመ ሰው ነይቷል፣ «አላሁ አክበር»ን አምስት ጊዜ መድገም የሚያተርፈው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አለ። የረከዓው ሕግ አልፎ አልፎ ለሚጠራጠር ሰው ነው። በየሶላቱ የሚጠራጠር ሰው ሕጉን በየቀኑ ሲሠራበት መድኃኒቱ ራሱ ወስዋስ ይሆንበታል። ለእሱ ዑለሞች የሚነግሩት ጥርጣሬውን ከነጭራሹ እንዲተወውና እንደሠራ ቆጥሮ እንዲያልፍ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ለአንድ ጥርጣሬ መልስ የሰጠ ለሚቀጥለው በር ይከፍታል። የነቢዩ ባልደረባ ዑስማን ኢብን አቢል ዓስ ሸይጧን በሶላታቸውና በቂርኣታቸው (በቁርኣን ንባባቸው) መካከል እየገባ እንደሚያምታታባቸው ሲናገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስሙ ኺንዘብ እንደሚባል ነግረው በአላህ እንዲጠበቁና በግራ በኩል ሦስት ጊዜ እንትፍ እንዲሉ አዘዟቸው። ሶላቱን ድገም አላሏቸውም። ይህን ሁሉ አድርጎ መታጠቡ ሰዓታት የሚፈጅበት ሰው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይይ፤ ሐኪም ማየት የኢማን (የእምነት) ጉድለት አይደለም።

ስለ አላህ ክፉ ሐሳብ ሲመጣ «ኢማኔ ጠፋ» ብሎ መደንገጥ ሌላው ነው። ሶሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) «ልንናገረው የሚከብደን ነገር በልባችን ይመጣል» ሲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ያ ግልጽ ኢማን ነው» አሏቸው፤ መጸየፋቸው ምስክር ሆነላቸው። ያልተናገሩትና ያልሠሩት የልብ ሹክሹክታም ምሕረት ተደርጎለታል። ሐሳቡን ይዞ መከራከር ግን አይገባም። «አላህን ማን ፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ የታዘዘው በአላህ መጠበቅና ማቆም ነው፤ ማቆሙን ትተው ክርክሩን የሚመርጡ ግን ብዙ ናቸው።

«አዑዙ ቢላህ» (በአላህ እጠበቃለሁ) ብሎ ከዚያው ሳይነቃነቁ መቅረትም ስህተት ነው። የተናደደ ሰው ቆሞ ከሆነ ይቀመጥ፣ ካልበረደለት ጋደም ይበል ተብሏል፤ ምላስ ከአካል ጋር ነው የሚሠራው። ከወንጀል ቦታም እግር መንቀሳቀስ አለበት።

ከትልቁ ወንጀል ብቻ መጠንቀቅም ስህተት ነው፤ ሱረቱ አን-ኑር 21 የሚከለክለው የሸይጧንን «እርምጃዎች» ነው፣ በብዙ ቁጥር።

ከወደቁ በኋላ ደግሞ ጥፋቱን ወደ ሌላ ማዞር አለ። አደምም ኢብሊስም ትእዛዝ ጥሰዋል። ኢብሊስ «ስላጠመምከኝ» ብሎ ወደ ጌታው አዞረው፤ አደምና ሐዋ «ጌታችን ሆይ፣ ነፍሶቻችንን በደልን» አሉ። ተውባ (ንስሐ) ወንጀሉን ወዲያው መተው፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ ነው፤ የሰው ሐቅ ካለበት አራተኛ ይጨመራል፦ ለባለቤቱ መመለስ።